አኒሜሽን ልማር ለሚል የአዳማ ልጅ



ዛሬ የምናገረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ጥያቄው ከአዳማም ይመጣል፤ ከሞጆም፣ ከመቂም፣ ከባቱም፣ ከሻሸመኔም ይመጣል። «አኒሜሽን መማር እፈልጋለሁ፤ የት ልግባ?» ይላል ልጁ፤ ትላለች ልጅቷ። አባትና እናት ደግሞ «እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይላሉ። አንዱ የፍላጎት፣ ሌላው የስጋት ጥያቄ ነው። ለሁለቱም እውነተኛ መልስ መስጠት ይገባናል።

መልሴን ሳላቆያችሁ ልናገረው። ለአኒሜሽን ብላችሁ ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ በስሙ ግነት ወይም በኮምፒውተሩ ብዛት አትምረጡ። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ብቻችሁን ልትማሩት የማትችሉትን ነገር የሚያስተምራችሁን ቦታ ምረጡ። ያ ነገር በእኔ እምነት ሶፍትዌር አይደለም። ሥዕል ነው፤ አይቶ መሣል፣ የሣሉትንም ከእናንተ የተሻለ በሚያይ መምህር ፊት ዘርግቶ መታረም ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል የሚገባችሁ ሥራውን ቀረብ ብለን ስናየው ነው። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ምስል፣ ፍሬም የምንለውን፣ ያሳየናል። በእጅ በሚሣል አኒሜሽን ብዙ ጊዜ አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያገለግል በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል። በደቂቃ 720 መሆኑ ነው። ለአሥር ደቂቃ የልጆች ፊልም ደግሞ 7,200። እያንዳንዱ ሥዕል ከቀደመው በጥቂቱ ይለያል፤ ገጸ ባሕሪዋ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያቺው ልጅ መምሰል አለባት። አፍንጫዋ በመሀል ቢረዝም ተመልካች ወዲያው ያውቃል።

«በኮምፒውተር ሲሆን ይቀላል» የሚሉ አሉ። በኮምፒውተር ሲሆን ድካሙ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይቀርም። አንዱን ፍሬም ሬንደር ለማድረግ፣ ማለትም አስልቶ የተጠናቀቀ ምስል ለማውጣት፣ ላፕቶፓችሁ አምስት ደቂቃ ቢፈጅበት፣ የአንድ ደቂቃ ፊልም 1,440 ፍሬም ነውና 120 ሰዓት ይወስዳል፤ አምስት ቀንና አምስት ሌሊት ሳይጠፋ መሥራት አለበት። በመካከል መብራት ይሄዳል። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ስለዚህ ፊልሙን በአንድ የቪዲዮ ፋይል አያወጡም፤ እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻው ምስል አድርገው ያስቀምጣሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል፤ የአራት ቀን ድካም አይጠፋም።

አሁን ይህችን የነገርኳችሁን ዘዴ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ብሌንደር የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ነው። ቶን ሮዘንዳል የተባለ የኔዘርላንድስ ሰው የጀመረው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ከሕዝብ 100,000 ዩሮ ተሰብስቦለት ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆነ። ለሥዕል ክሪታ አለላችሁ፤ በሁለት ገጽታ ለሚሠራ አኒሜሽን ኦፕንቱንዝ አለ። ለሁሉም የማስተማሪያ ቪዲዮ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ምርጥ የአኒሜሽን ፊልም ተብሎ ኦስካር የተሸለመው «ፍሎው» በዚሁ በነፃ በሚገኘው ብሌንደር ነው የተሠራው። አገሩ ላትቪያ ናት፤ ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም። ዳይሬክተሩ ጊንትስ ዚልባሎዲስ አኒሜሽንን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም፤ ከዚያ በፊት የነበረውን «አወይ» የተባለውን ሙሉ ፊልም ብቻውን ነው የሠራው።

ይህን የሰማ ልጅ «እንግዲያው ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግልኛል?» ቢል አይፈረድበትም። ግን የዚልባሎዲስን ታሪክ ግማሹን ብቻ መስማት ያሳስታል። ይህ ሰው ሁለተኛ ደረጃን የተማረው ሪጋ ከተማ በሚገኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ኮምፒውተሩን ብቻውን ከመጋፈጡ በፊት እጁንና ዓይኑን ያሠለጠኑለት መምህራን ነበሩት። ምጣድ ያለው ሁሉ እንጀራ አይጋግርም፤ ሊጡ መቦካት አለበት።

ዋልት ዲዝኒም የደረሰበት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በሚኪ ማውስ ስሙ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ፣ ሠራተኞቹ በቂ የሥዕል ችሎታ እንደሌላቸው ተረዳ። ዶናልድ ግራሃም የተባለ የሥዕል መምህር አመጣና ማታ ማታ ሰውን እያዩ መሣል እንዲያስተምራቸው አደረገ። ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ሥራቸው በዓለም ሲኒማ የሚታይ ሰዎች እንደ ጀማሪ ተማሪ ተቀምጠው ጉልበት እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚዞር ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው «ባምቢ» ሲዘጋጅ ደግሞ ሠዓሊዎቹ እያዩ እንዲሥሉ የአጋዘን ግልገሎች ስቱዲዮው ድረስ መጡ።

እናንተ አጋዘን የሚያመጣላችሁ አያስፈልጋችሁም። ባቱ ወይም መቂ ጎዳና ዳር ቁሙና የጋሪ ፈረስ ተመልከቱ። ፈረስ ሲሶመሶም በሰያፍ ያሉት እግሮቹ፣ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ፣ አብረው ይነሣሉ። ሲጋልብ ግን ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ሰው ይህን በዓይኑ ለይቶ ማየት አቅቶት ብዙ ዘመን ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሜራዎች ደርድሮ የሚሮጥ ፈረስ ፎቶ ሲያነሣ ነው አራቱም እግሮች መሬት የሚለቁበት ቅጽበት መኖሩ፣ ያም እግሮቹ ሲዘረጉ ሳይሆን ሆዱ ሥር ሲሰበሰቡ መሆኑ የታየው። ከዚያ በፊት ታላላቅ ሠዓሊዎች ሳይቀሩ ተሳስተው ሥለውታል። ዛሬ ስልካችሁ ቪዲዮውን አዘግይቶ ያሳያችኋል። ፈረሱን ቅረጹ፣ አዘግዩት፣ አንዱን እርምጃ በስምንት ሥዕል ሥሩት። ባቱ ላይ፣ ሐይቁ ዳር፣ የዓሣ ትራፊ የሚጠብቀውን አባ ኮዳ፣ ክንፉን አጥፎ ሲራመድ ትከሻው የሚወዛወዘውን፣ ሣሉት። አቢጃታ ላይ ፍላሚንጎ አንገቱን ቆልምሞ ከውኃ ሲመገብ፣ ገበያ ላይ ጉልት የተቀመጠች እናት ሽንኩርት በመደብ ስትከምር፣ የባጃጅ ሾፌር ተሳፋሪ ፍለጋ አንገቱን ሲያሰግግ፤ ይህ ሁሉ የትኛውም የውጭ ትምህርት ቤት የማያመጣላችሁ ትምህርት ነው። የልጆቻችን አኒሜሽን ብዙ ጊዜ ባዕድ የሚመስለው አረማመዱ፣ አቀማመጡ፣ የእጅ እንቅስቃሴው ከሌላ አገር ፊልም ስለሚቀዳ ነው። ገጸ ባሕሪው ሀገር ልብስ ለብሶ እንደ ካሊፎርኒያ ልጅ ይራመዳል። ይህ ነገር እጅግ ያሳዝነኛል።

ወደ ምርጫው እንግባ። በእጃችን ላይ ያሉት ሁለት በሮች በአንድ መንገድ የተያያዙ ናቸው።

አንደኛው እዚሁ አዳማ ነው። ሁላችንም አስቱ የምንለው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የጀመረ፣ የአሁኑን ስሙንም እ.ኤ.አ. በ2011 ያገኘ ነው። የራሱ መግቢያ ፈተና ያለው፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚገባበት ጊቢ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ አርክቴክቸር ይማሩበታል። ከእነዚህ የአንዱም ስም አኒሜሽን አይደለም፤ ቢሆንም ሦስቱም ወደ አኒሜሽን ያስገባሉ። ገጸ ባሕሪን የሚያንቀሳቅሰውን አጽም፣ ባለሙያዎች ሪግ የሚሉትን፣ የሚሠራ ሰው ሒሳብና ፕሮግራሚንግ ያስፈልገዋል። ብሌንደር ራሱ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚታዘዝ ስለሆነ ኮድ መጻፍ የሚችል ልጅ የአንድ ሳምንት ሥራ በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል። አርክቴክቸር የሚማረው ደግሞ ብርሃን በግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ቦታ ከሰው ቁመት ጋር እንዴት እንደሚመዛዘን ይማራል፤ ይህ ፊልሙ የሚካሄድበትን መድረክ የመሥራት ችሎታ ነው።

ሁለተኛው በር ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። አለ ፈለገሰላም ከቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1957 አቋቋሙት። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረውበታል። ቀለም ቅብ፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ግራፊክስ ይሰጣል። ይህን ትምህርት ቤት ለሚመኝ ልጅ የማትሪክ ውጤት ብቻውን በቂ ሆኖ አያውቅም፤ እጁም ይፈተናል። ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ፈተናው የሚሰሙት ዘግይተው፣ ሊዘጋጁበት የሚችሉት ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

«ሁለቱም ቢከፈቱልኝስ?» ለምትሉ፣ የእኔ ምርጫ አለ ነው። ገጸ ባሕሪ መፍጠር፣ ታሪክ በሥዕል መናገር የምትፈልጉ ከሆነ ሳታመነቱ ወደዚያ ሂዱ። ኮምፒውተሩን በትርፍ ጊዜያችሁ ትደርሱበታላችሁ፤ ለዓመታት የሰው ገላ እያያችሁ የምትሥሉበት፣ መምህር «ይህ ክንድ ከትከሻው አልተያያዘም» የሚላችሁ ጊዜ ግን በሕይወታችሁ ሁለተኛ አታገኙትም። ደስታችሁ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ፈትቶ ማየት ከሆነ፣ ጌም ስትጫወቱ ከታሪኩ ይልቅ አሠራሩ የሚያስገርማችሁ ከሆነ ግን አስቱ ቤታችሁ ነው። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ማንም ሳያዛችሁ እንቅልፍ የሚነሣችሁ የትኛው እንደሆነ እዩ፤ ደብተር ጥግ ላይ መሣል ነው ወይስ ስልክ መፈታታት?

አስቱ የምትገቡ ልጆች ግን ሥዕሉን ጊቢው አይሰጠኝም ብላችሁ አትተዉት። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሰው እያያችሁ ሣሉ፤ ካፌ ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ዶርም ውስጥ። ሌላ የሚሥል ልጅ ፈልጉና ሥራችሁን ተያዩ። የመመረቂያ ሥራችሁን ስትመርጡም መምህራችሁን አነጋግሩ። የግራፊክስ ወይም የጌም ፕሮጀክት ሆኖ በውስጡ የሁለት ደቂቃ ፊልም ሊኖረው ይችላል። ያቺ ሁለት ደቂቃ ከዲግሪው ወረቀት ይልቅ ሥራ ታስገኝላችኋለች።

የግል ማሠልጠኛን በተመለከተ በአጭሩ እናገራለሁ። በሦስት ወር አኒሜሽን እናስተምራለን ከሚል ቤት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ተማሪዎቻችሁ የሠሩትን ፊልም አሳዩኝ።» የመምህሩን ሳይሆን የተማሪዎቹን። ካሳዩአችሁ ተቀምጣችሁ እዩት፤ ካላሳዩአችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ዩኒቨርሲቲንም እንዲሁ ጠይቁ። የጊቢው ሕንፃ ውበት ፊልም አይሠራም።

ከኛው ሰዎች መካከል ሁለቱን ላንሣ። ዕዝራ ውቤ አዲስ አበባ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ሠዓሊ ነው። የተማረው ሥዕል ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪውን ከማሳቹሴትስ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ፣ ማስተርሱን ኒው ዮርክ ከሚገኘው ሀንተር ኮሌጅ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የሚል አጭር አኒሜሽን ሠራ። ሸራ ላይ ቀለም እየቀባ፣ ፎቶ እያነሣ፣ መልሶ በላዩ እየቀባ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲ ይሳፈራሉ። አህያ በትክክል ይከፍላል፤ ፍየል ሳትከፍል ታመልጣለች፤ ውሻ መልሱ አይሰጠውም። ስለዚህ አህያ መኪና ቢመጣ ከመንገድ አይነቃነቅም፣ ፍየል ትሸሻለች፣ ውሻ መልሱን ፍለጋ መኪና ያባርራል። ከሞጆ ሻሸመኔ በሚኒባስ የተጓዘ ልጅ ሁሉ ይህን የሰማው ወይም በመስኮት ያየው ነው። ዕዝራ ያን ተረት ይዞ በዓለም የሥነ ጥበብ መድረክ አሳየው። ያስቻለው ለዓመታት የተማረው ቀለም ቅብ ነው።

ሁለተኛዋ ብሩክታዊት ጥጋቡ ናት። የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቁመው «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ዝግጅት ሠሩ። ጸሐይ የምትባለዋ ቀጭኔ አሻንጉሊት ነበረች፤ አሻንጉሊትን ማንቀሳቀስም የአኒሜሽን ዘመድ ነው። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘ፤ ብሩክታዊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ከሮሌክስ ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆነች። ልጅን ማስተማር የሚያውቅ ሰውም ወደዚህ ሥራ ይገባል ማለት ነው። ምደባው ወደ መምህርነት ትምህርት ያደረሰው ተማሪ በሩ እንደተዘጋበት አይቁጠር።

ውጭ አገር መማርን ለምታስቡ ወላጆች ሳልሸፍን እነግራችኋለሁ። በዲዝኒ ቤተሰብ ድጋፍ የተመሠረተው፣ የታወቀው የካሊፎርኒያው ካልአርትስ በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ በብር ስንት እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ብላችሁ ቤት አትሽጡ። የእኔ ምክር የመጀመሪያውን ዲግሪ እዚህ ጨርሶ፣ የሥራ ስብስብ አዘጋጅቶ፣ ለማስተርስ በነፃ የትምህርት ዕድል መወዳደር ነው። ሪ-አኒማ የሚባል የአውሮፓ የጋራ ማስተርስ አለ፤ ቤልጂየም ባለው ሉካ፣ ፊንላንድ ባለው አልቶ፣ ፖርቱጋል ባለው ሉሶፎና ዩኒቨርሲቲ እየተዘዋወሩ ይማሩታል፤ በኤራስመስ ሙንዱስ በኩል ለውጭ ተማሪዎች ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል። ሀንጋሪም በመንግሥት ስኮላርሺፗ የኢትዮጵያ ተማሪዎችን ትቀበላለች፤ ቡዳፔስት ያለው ሞሜ የተባለው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ዩኒቨርሲቲ አኒሜሽን በእንግሊዝኛ ያስተምራል። እነዚህ ሁሉ ከሰርተፊኬት ጋር እኩል የሚያዩት ሥራችሁን ነው።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ ልመለስ። እንጀራ ይሆናል ወይ? ይሆናል፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ የተረት ፊልም አይደለም። የባንክ ማስታወቂያ፣ የጤና መልእክት፣ ለሕንፃ ገንቢ የሚሠራ የቤት ማሳያ፣ የቴሌቪዥን ዜና መግቢያ፤ ሞሽን ግራፊክስ የምንለው ሥራ ነው ኪራይ የሚከፍለው። ይህን ሥራ መናቅ አይገባም፤ እጅ የሚፍታታው በእሱ ነው። ደግሞም አዳማ ለዚህ ምቹ ከተማ ናት። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነው። አፋን ኦሮሞም አማርኛም ጠንቅቆ የሚናገር ልጅ አንዱን ፊልም በሁለት ድምፅ ሊያወጣ ይችላል፤ ይህ የአዳማ ልጅ ከእናቱ ቤት ይዞት የሚወጣ ችሎታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 ዲዝኒ ፕላስ «ኪዛዚ ሞቶ» የተባለ የአሥር አፍሪካዊ አጫጭር አኒሜሽኖች ስብስብ አወጣ። በኬፕ ታውኑ ትሪገርፊሽ ስቱዲዮ አስተባባሪነት የተሠራ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ናይጄሪያ፣ ዚምባብዌና ግብፅ አሉበት። እኛ የለንበትም። ኦዱ ዱሪ ስንሰማ፣ ተረት ተረት ስንባል ያደግን ሕዝብ፣ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በድምፃቸውና በፊታቸው ብቻ ከአርባ ዓመት በላይ የልጆች ቴሌቪዥን ያቆሙበት አገር፣ የለንበትም። ትሪገርፊሽ በነፃ የሚሰጠው የኢንተርኔት ትምህርት ግን ለማንም ክፍት ነው፤ ዛሬ ማታ ልትጀምሩት ትችላላችሁ።

በአዳራሹ ላላችሁ የተቋማት ሰዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። አስቱ ኮምፒውተሩ አለው፤ ብሮድካስቲንግ ኔትወርኩ ስቱዲዮውና ተመልካቹ አለው፤ የአለ ትምህርት ቤት ሥዕል የሚያስተምር ሰው አለው፤ በመካከላቸው ያለው የፍጥነት መንገድ ነው። በክረምት ሁለት ወር፣ ከአሥራ አንደኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የተውጣጡ ልጆች ጠዋት ሥዕል፣ ከሰዓት ብሌንደር እየተማሩ፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ደቂቃ ፊልም በሁለት ቋንቋ ሠርተው በቴሌቪዥን ቢያሳዩ ምን ያህል ያስወጣል? አዲስ የትምህርት ክፍል ለመክፈት ዓመታት ይፈጃል፤ ይህን ግን በሚመጣው ክረምት መጀመር ይቻላል። ቢጀመር ልጆቹ ምርጫ ሲሞሉ የትኛው ጊቢ እንደሚያስፈልጋቸው ከእኔ ዲስኩር ሳይሆን ከራሳቸው ሥራ ያውቁታል። መልሳችሁን ከዚህ ሳልወጣ ብሰማው ደስ ይለኛል።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። የሥዕል ደብተር ይዛችሁ የመጣችሁ ልጆች ወደ ፊት ቅረቡ፤ ከእናንተ እንጀምር።